የሚፍቀውና የሚሸፍነው፦ ለመኪና ቀለም ሰም ስለ መምረጥና ስለ መቀባት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ይህ ዝግጅት በአገናና በዙሪያዋ፣ በእምድብር፣ በጉብሬ፣ በወልቂጤ፣ በቡታጅራ ላላችሁ፣ መንገድ ላይም ሆናችሁ በመኪናችሁ ሬዲዮ ለምትከታተሉን ሁሉ ነው። ክረምቱ ሊወጣ፣ መስቀል ሊደርስ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቻችን በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አድርገው ወደ እዣ ወረዳ ሲወጡ በየመንደሩ የሚያልፈው ሰፊ የሣር መንገድ፣ ጀፎረው፣ ዳርና ዳሩ መኪና በመኪና ይሆናል። የዛሬው ዝግጅታችን የነዚህን መኪኖች ቀለም ይመለከታል። ቀለሙን በሰም እንዴት እንጠብቀው? የትኛውን ሰም እንምረጥ? እንዴትስ እንቀባው?

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። በዝግጅቱ ውስጥ ደጋግሜ እመለስበታለሁ፤ እባካችሁ አትሰልቹ። ፖሊሽ ይፍቃል፤ ሰም ይሸፍናል። ሁለቱም መኪናን ያበራሉ። ቀለሙን የሚጠብቀው ግን አንዱ ብቻ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ የምንጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ። መናኸሪያ ውስጥ ወይም ጋራዥ በር ላይ የቆመ፣ ዕድሜ የጠገበ ቀይ ወይም ጥቁር ሰማያዊ መኪና ስታገኙ ዙሪያውን ተመልከቱት። በሮቹ ከመስኮት በታች እስካሁን ቀለማቸውን እንደያዙ ናቸው። ኮፈኑና ጣራው ግን ነጣ ብለዋል፤ አንዳንድ ቦታም ተልጠዋል። ፋብሪካው አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ዕድሜውም አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከፀሐይ ነው። ኮፈንና ጣራ ቀኑን ሙሉ ለሰማይ ተሰጥተው ይውላሉ፤ በሮቹን ግን ፀሐዩ የሚያገኛቸው በጎን ነው። በዚያ ላይ የምንኖረው ከፍታ ቦታ ላይ ነው። አገና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ቆዳንም ቀለምንም የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሐዩ አይጎዳም ማለት አይደለም። ደጋ ላይ የቆመ መኪና አየሩ ሳይግልም ይነጣል።

ከፋብሪካ የወጣ ዘመናዊ መኪና ቀለም አንድ ወጥ አይደለም። ከቆርቆሮው ላይ የዝገት መከላከያ አለ፤ ከዚያ መሠረት የሚሆነው ቀለም፣ ከዚያ በዓይናችን የምናየው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለሙያዎቹ ክሊር የሚሉት፣ ቀለም አልባ የሆነ አንጸባራቂ ሽፋን ይመጣል። ሁሉም ተደራርበው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆኑ ነው። ክሊሩ ለብቻው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን ስለሚሆን ክሊሩ ከፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው። ፀሐዩን የሚከላከሉት ቅመሞች የተቀመጡት እዚህ ቀጭን ሽፋን ውስጥ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የዛሬው ክርክራችን በሙሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። ክሊሩ እስካለ ድረስ ከሥሩ ያለው ቀለም ጠባቂ አለው። ክሊሩ ካለቀ ምንም ዓይነት ሰም አይመልሰውም፤ የሚቀረው መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ እንደገና ማስቀባት ነው።

(ጸጥታ፤ ሦስት ሰከንድ)

አሁን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ላቫጆ ሄዳችሁ «ፖሊሽ አድርግልኝ» ስትሉ የተጫረው ኮፈን ወዲያው ለስልሶ የሚያበራው ለምንድን ነው? ጭረቱ የት ሄደ?

ጭረቱ አልተሞላም። በዙሪያው ያለው ክሊር ተፍቆ ከጭረቱ ወለል ጋር እኩል ሆነ እንጂ። ፖሊሽና ኮምፓውንድ ውስጥ በጣም የደቀቀ ሻካራ ነገር አለ፤ ሥራውም መፋቅ ነው። ቀለል ያለው በአንድ ዙር የሚወስደው ትንሽ ነው፤ ሻካራው ኮምፓውንድ በማሽን ሲሠራ ግን ጥቂት ማይክሮኖችን ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ያላችሁ 40 ወይም 50 ነው። ለየበዓሉ፣ ለየሠርጉ፣ መኪና ለመሸጥ በታሰበ ቁጥር ቢፋቅ ስንት ዙር ይችላል? ፀሐዩን የሚመክቱት ቅመሞችም ከተፋቀው ጋር አብረው ይሄዳሉ። ዛሬ እንደ አዲስ ያበራው ኮፈን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሁሉም ቀድሞ የሚላጠው ለዚህ ነው። ፖሊሽ ክፉ ነው እያልሁ አይደለም። ጭረት ሲበዛ፣ ቀለም ሲደበዝዝ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ በመኪናው ዕድሜ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ቢደረግ መድኃኒት ነው። የየወሩ ቀለብ ሲሆን ግን መኪናውን ያራቁተዋል።

ሰም ሌላ ነው። ሰም ምንም አይፍቅም፤ ከክሊሩ ላይ ስስ ሆኖ ይተኛል። ዝናብ ሲጥል እንሰት ጓሮ ውስጥ ቆማችሁ ቅጠሉን አይታችሁ ከሆነ፣ ውሃው ሳይሰርግ ተንከባልሎ ይወርዳል፤ ቅጠሉ በተፈጥሮው ስስ ሰም ስላለበት ነው። የመኪና ሰምም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የወፍ ኩስ አሲድነት አለው፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ክሊሩን በልቶ ክብ ጠባሳ ይተዋል። የዛፍ ሙጫ ይጣበቃል። የመንገዱ ጭቃ ይደርቅና ይነክሳል። ሰም ያለበት መኪና ላይ እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኙት ሰሙን ነው፤ ሲታጠቡም ሳይፈተጉ ይለቃሉ። ትልቁ ጥቅም ይኸው አለመፈተግ ነው፤ መኪና ላይ ከምናያቸው ጥቃቅን ጭረቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከአስተጣጠብ ነው።

ስለ ሰም ከልክ በላይ ቃል መግባት ግን አልፈልግም። ሰም የጠጠር ምት አያስቆምም። ፀሐዩንም ሙሉ በሙሉ አይጋርድም፤ በዚህ ረገድ ጥላ ከማንኛውም ሰም ይበልጣል። ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት የሚይዝ ጭረት ካለ ጥልቅ ነውና ሰም አይደብቀውም፤ ቆርቆሮው ከታየ ደግሞ ሰም ከመቀባቱ በፊት የዝገት መከላከያና ቀለም ያስፈልገዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ይህን ስንል ከአድማጮቻችን ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፤ ተገቢም ናቸው።

የመጀመሪያው «የኔ መኪና አሮጌ ነው፤ ሰም የአዲስ መኪና ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። ነገሩን ከአገራችን ሁኔታ አንጻር እንየው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዛሬ በእጃችን ያለችውን ኮሮላ ወይም ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት እንነዳታለን። በቀላሉ የማትተካን መኪና መጠበቅ ቅንጦት ሊባል አይችልም። አንድ ቆርቆሮ ሰም በቁጠባ ከተቀባ ለብዙ ዙር ይበቃል፤ አንድን ኮፈን አስፍቆ፣ ስቱኮ አስለስኖ፣ ቀለም ማስቀባት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ግን ያስቀባ ሁሉ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ብትሆኑ ቀለሙና ፀሐዩ ያው ነው።

ሁለተኛው «በዚህ አቧራ መንገድ ሰም ምን ይሠራል? በማግስቱ ያው አይደለም ወይ?» የሚል ነው። አቧራው ውስጥ ደቃቅ የአሸዋ ብናኝ አለ፤ ይህ ብናኝ ከክሊሩ ይጠነክራል። መኪናውን የሚጭረው ግን ላዩ ላይ ማረፉ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ጠራርገን ስናስፈትገው ነው የሚጭረው። ሰም በተቀባ ገጽ ላይ ያረፈ አቧራ ውሃ ሲፈስበት አብዛኛው ይለቃል። ስለዚህ አቧራ በበዛበት አገር ሰም የበለጠ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ይህን ልማድ ብትተዉልኝ ደስ ይለኛል፤ ደረቅ መኪና በደረቅ ጨርቅ አይጠረግ።

ሦስተኛው «ናፍጣም እኮ ያበራል» የሚለው ነው። በናፍጣ የረጠበ ጨርቅ መኪናን ያበራል፤ አይካድም። የሚያበራው ግን ዘይቱ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ አቧራ ይስባል። ከሰዓት በኋላ መኪናው ላይ የተለጠፈው አቧራ በማግስቱ በጨርቅ ሲታሸ እየጫረ ይሄዳል። ናፍጣ ቀድሞ የነበረውን ሰም ያሟሟል፤ የመስኮትና የበር ላስቲኮችንም ያበላሻል። ያበራል፤ አይጠብቅም።

አራተኛው ጥያቄ ደስ የሚል ነው። «እኛ የማር አገር ሰዎች ነን፤ የራሳችንን የንብ ሰም ለምን አንቀባም?» እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ሰምም ለውጭ ገበያ ስታቀርብ ኖራለች፤ ከጠጅ ቤት የሚወጣው ሰፈፍ እንኳ ገዢ አለው። ችግሩ ሙቀት ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ጥቁር ኮፈን ወደዚያ ሊጠጋ፣ ከሞተሩ ሙቀት ጋር ሊያልፈውም ይችላል። ለብቻው የተቀባ የንብ ሰም ይለሰልስና አቧራ ይይዛል። ስለዚህ ፋብሪካዎች የሚመርጡት ካርናውባ የተባለውን ሰም ነው። ይህ ሰም የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ተቆርጦ ይደርቅና ይመታል፤ የሚረግፈው ብናኝ ተሰብስቦ ይቀልጣል። የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። የንብ ሰም ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በአንዳንድ የመኪና ሰሞች ውስጥ ቅባቱን ለማለስለስ ከካርናውባ ጋር ይደባለቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ምርጫው እንለፍ። ገበያ ላይ የምታገኙት ሰም በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ካርናውባ ያለበት፣ ወይ ሲንቴቲክ ማለትም በፋብሪካ የተቀመመ። ካርናውባው ደማቅ ጥልቅ መልክ ይሰጣል፤ ግን ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለት ሦስት ወር ቢቆይ ነው። ሲንቴቲኩ እስከ አራትና ከዚያም በላይ ወራት ሊቆይ ይችላል። እንደኔ እንደኔ ክረምት ሙሉ ጭቃ ለሚመታው፣ በጋ ደግሞ አቧራ ለሚውጠው የእኛ አካባቢ መኪና ሲንቴቲኩ ይሻላል። ሴራሚክ የሚባለውም አለ፤ በትክክል ከተሠራ ዓመታት ይቆያል። ነገር ግን ከመቀባቱ በፊት መኪናው በማሽን ይፋቃል፤ ለአዲስ መኪና ይሆናል፤ ክሊሩ ለሳሳ አሮጌ መኪና ግን የቅድመ ዝግጅቱ ፍቂያ ራሱ ሊጎዳው ስለሚችል አልመክርም።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሂዱ፣ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ግዙ፣ ዋናው ነገር ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። «ኮምፓውንድ»፣ «ራቢንግ»፣ «ፖሊሽ»፣ «ክሊነር ዋክስ» የሚሉ ቃላት ካሉበት ብዙውን ጊዜ መፋቂያ አለበት። «ዋክስ» ወይም «ሲላንት» ብቻ የሚለውን ምረጡ። ከተጠራጠራችሁ አንድ የማትፈልጉት ሲዲ አምጡና በሚያብረቀርቀው ጀርባው ላይ ቅባቱን በለስላሳ ጨርቅ አሹት። ከጠረጋችሁት በኋላ ደብዝዞ የጭጋግ መልክ ከያዘ ቅባቱ ይፍቃል። ሲዲው ጥርት እንዳለ ከቀረ ግን የመሸፈኛ ሰም መሆኑ አይቀርም። ሻጩ ደግ ከሆነ እዚያው ሱቁ በር ላይ መሞከር ትችላላችሁ።

ከመቀባታችሁ በፊት ደግሞ የመኪናችሁን ቀለም እወቁ። በጋራዥ እንደገና የተቀቡ ብዙ መኪኖች ክሊር የላቸውም። ጥቂት ሰም በነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ አንድ ጥግ ስታሹ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከመጣ ክሊር የለም ማለት ነው። አትደንግጡ፤ እንዲህ ያለ መኪናም ሰም ያስፈልገዋል፤ እንዲያውም ይበልጥ። በቅርቡ የተቀባ መኪና ግን ይታገሥ። ትኩስ ቀለም ውስጡ የቀረውን ቲነር እያስወጣ መድረቅ አለበትና ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለት ወር ሰም አይቀባ።

(ጸጥታ፤ ሁለት ሰከንድ)

አሁን እጅጌያችንን እንሰብስብ። መኪናው ጥላ ውስጥ ይሁን። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አኑሩ፤ ቀዝቀዝ ካላለ ጠብቁ፤ ትኩስ ቆርቆሮ ላይ ሰም ቶሎ ይደርቅና ለመጥረግ ያስቸግራል። አስተጣጠቡ ላይ ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ የሳሙናው፣ አንዱ ስፖንጁን ማለቅለቂያ። መጀመሪያ ውሃ ብቻ አፍስሱና ጭቃው ይውረድ፤ ከዚያ ከጣራ ጀምራችሁ ወደ ታች እጠቡ። ከዋቤም ሆነ ከሌላ ወንዝ የምትቀዱት ውሃ ደለል ካለው አስቀምጡትና ይጥለል፤ ደለሉ ከስፖንጁ ጋር መኪናውን ይጭረዋል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን አጥቦ ስለሚወስድ የመኪና ሻምፖ ይሻላል። ጀፎረ ላይ ግን እባካችሁ አትጠቡ፤ የሳሙናውና የዘይቱ እጣቢ የሚወርድበት ሣር ከብት የሚግጠው፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ የሁላችንም የሆነ ሣር ነው።

ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቡና በመዳፋችሁ ኮፈኑን ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። በባዶ እጅ የማይታወቅ ነገር በፌስታሉ ውስጥ ይታወቃል። እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚቆረቁር ነገር ካገኛችሁ ሙጫ ወይም የተጣበቀ ቆሻሻ አለ፤ ለዚህ የተዘጋጀ ክሌይ የሚባል ለስላሳ ሊጥ መሰል ነገር አለ፤ በሳሙና ውሃ እያንሸራተቱ ያነሱበታል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት።

ቅባቱ ላይ ስንመጣ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ሰም ስለበዛ የበለጠ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ቀለሙን የነካው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ጠርገን እንጥለዋለን። ስለዚህ ለአንድ ኮፈን በጣት ጫፍ የምታነሱት ይበቃል። በለስላሳ ስፖንጅ አንድ ክፍል ብቻ ቀቡ፤ ጣራውን፣ ከዚያ ኮፈኑን፣ ከዚያ በሩን። ከላስቲክና ካልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ ራቁ፤ ነጭ ሆኖ ይደርቅበታል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ጣታችሁን አንዴ አንሸራቱበት። ጣታችሁ ያለፈበት መስመር ጥርት ብሎ ካበራ ደርሷል፤ ከተለወሰ ገና ነው። ሲደርስ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከተገኘ በማይክሮፋይበር፣ ጨርቁን እያገላበጣችሁ ጥረጉ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ መኪናው አይመለስ። ጊዜና ሰም ካነሳችሁ ጣራውንና ኮፈኑን አስቀድሙ፤ ፀሐዩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የኢሱዙና የሚኒባስ ባለቤቶችም ይህ ይበቃችኋል።

መቼ ነው የሚደገመው? ለዚህ ቀን መቁጠር አያስፈልግም። መኪናው ከታጠበ በኋላ ኮፈኑ ላይ ውሃ አፍስሱ። ውሃው ክብ ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ሰሙ አለ፤ ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል። በእኛ አየር ግን ሁለት ጊዜዎችን አትለፉ፤ አንዱ ግንቦት ማለቂያ፣ ዝናቡ ሳይጠና ነው፤ ሌላው ዝናቡ ሲቆም፣ መስከረም ላይ።

በላቫጆ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ይህ ዝግጅት እንጀራችሁን የሚነካ አይደለም። እንዲያውም ሰም መቀባት ለብቻው የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ ባለመኪናው በየጥቂት ወሩ ይመለሳል፤ ቀለሙ ያልተላጠበት ደንበኛም ሌላ ደንበኛ ያመጣል። ለባለመኪናው ምን እንደምትቀቡለት ንገሩት፤ የሰሙን ቆርቆሮም አሳዩት። እናንተ ባለመኪኖችም ለመስቀል ወደ ላቫጆ ስትገቡ «አብራልኝ» ብላችሁ አትሂዱ። «እጠብልኝ፣ አትፋቅብኝ፣ ሰም ብቻ ቀባልኝ» በሉ፤ የሚቀባውን ሰም ጽሑፍም አይታችሁ አረጋግጡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)